ሮውሌት ላይ የተጠመቀው ድንጋይ

ፈረንጅ «ሶሪ» ማለት እንጂ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅም! አዎ፣ ብያለሁ። ግሮሰሪ ውስጥ እግሩን ስትረግጠው «ሶሪ» የሚለው እሱ ነው። በፊትህ ሲያልፍ «ሶሪ»፣ ሲያነጥሰው «ሶሪ»፣ ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ ቆሞ «ሶሪ»... እንዲህ በየደቂቃው ተመንዝሮ ያለቀ ይቅርታ፣ ሰውየው የምር ሲያጠፋ ከየት ይመጣል?

ይህን እያልኩ ዳላስ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ፣ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቴክሳሳዊ አፌን አስያዘኝ። ለዚያውም በቢራ ሰበብ!

ልጄ ሜሮን እዚሁ ዳላስ አጠገብ ፕሌኖ ተወልዳ ፕሌኖ ያደገች ናት። አማርኛዋ አዲስ ቤት የገባ ሰው ዕቃ ይመስላል፤ ሁሉም አለ፣ ግን ቦታ ቦታውን አልያዘም። ኮዲ የሚባል ልጅ ይዛ መጥታ «ኢንጌጅ አድርገናል» ካለችን ሰነባብታለች። ልጁ ጨዋ ነው። ቃሪያ ይበላል፣ እያለቀሰ ቢሆንም ይበላል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። ሽማግሌ አልላከም። በባለቤቴ በትዕግሥት ሚዛን ደግሞ ሽማግሌ ያልላከ አማች ማለት ቪዛ ሳይመታለት የገባ መንገደኛ ማለት ነው።

እንዲህ ተንጠልጥለን ሳለን ሜሮን እራት ላይ፣

«ዳድ፣ የኮዲ ፋዘር ሳተርዴይ ኢንቫይት አድርጓችኋል። ቢራ ቴስት ልታደርጉ» አለችን።

«ምን ዓይነት ቢራ?»

«ጥቁር ላገር። በድንጋይ የሚሠራ።»

«በምን?»

«በድንጋይ! በጣም ኦልድ የሆነ ትራዲሽን ነው። ሶ፣ ድንጋዩን እሳት ውስጥ ያደርገዋል፣ ከዛ ድንጋዩ ይጠመቃል።»

ትዕግሥት ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድቤት ብቅ አለች። «ማን ነው የሚጠመቀው?»

«ድንጋዩ፣ ማሚ።»

«በስመ አብ!»

ልጅቷ ቢራው ይጠመቃል ማለቷ ነበር። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እራቱ ሳይነሳ ወሬው ጋሽ ውብሸት ጆሮ ገባ።

ጋሽ ውብሸት የትዕግሥት አጎት ናቸው። ልጆቻቸው ፕሮሰስ አድርገው ካመጧቸው ገና ብዙም አልቆዩም፤ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው የዳላስ ሰፈር አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ። ሥራቸው ሽምግልና ነው። ማንም አልቀጠራቸውም፣ ግን ፉል ታይም ይሠራሉ። ቋንቋ የሚባል ነገር አያግዳቸውም። በፓርኪንግ የተጣሉ አንድ ኔፓላዊና አንድ ኮንጓዊ ጎረቤቶቻቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ አስታርቀዋል። ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በፍቅር ይኖራሉ፤ ምን እንደተባሉ ግን አያውቁም።

ወዲያው ደወሉልኝ። «ድንጋይ ክርስትና ሊያነሱ ነው የጠሩን?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ቢራ ልንቀምስ ነው።»

«ደግ። እኔም እመጣለሁ። ሽማግሌ አንልክም ካሉ ሽማግሌው ራሱ ይሄድላቸዋል። ልጅቷን እስኪጠይቁን ድረስ ቁጭ ብለን እንጠጣለን።»

ሜሮን ይህን ስትሰማ እጄን ያዘች። «ዳድ፣ ፕሊስ... ዊርድ እንዳታደርጉት፣ እንዳታሳፍሩኝ።»

«እኛ?» አልኳት። እኛ!

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ውብሸትን ከቪከሪ ሜዶ አንስተን ከዳላስ ወጣ ብላ ወዳለችው ሮውሌት ነዳን። በዚያ አስፋልት በሚያቀልጥ ሙቀት የሱፍ ሙሉ ልብስ ከነባርኔጣው ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው፣ ለኤሲው ፊት ነስተውት ተቀምጠዋል። የኮዲ አባት ዴል ቤቱ ሐይቅ ዳር ነው። ሰውየው የመብራት እንጨት ያህል ይረዝማል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ተኝቷል፤ የቆዳ ሽርጥ አገልድሟል።

«ሀውዲ!» አለ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ውብሸት።

«ሰላም ናችሁ ወይ ነው ያለው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በለው። እሱስ? ቤቱስ? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ከረመላችሁ?»

ሜሮን ወደ ዴል ዞራ «ሃይ ብለዋል» አለችው።

ጓሮው ውስጥ ትልቅ እሳት ይነዳል። መሀሉ ላይ ድንጋዮች ፍም መስለው ቀልተዋል፤ ሌሎቹ ቀስ እያሉ እንዲሞቁ እሳቱ ዳር ተደርድረዋል። አጠገቡ ሰው የሚያህል የብረት ድስት የብቅል ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ድንጋዩ ሲግል እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ይፈላል፤ የብቅሉ ስኳር ድንጋዩ ላይ ያርና ለቢራው ጣዕም ይሰጠዋል። ሜሮን ይህን ሁሉ በላብ ተረጎመች።

«ለምን ምድጃ ላይ አያፈላውም?» ጠየቁ ጋሽ ውብሸት።

«ትራዲሽን ነው ጋሼ። የጀርመን።»

ትዕግሥት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ጋዝ ቆርጠውበት ይሆናል ምስኪን። ምነው ምግብ ይዘን በመጣን!»

ዴል አንድ ትልቅ ድንጋይ መኪናው ላይ ቀርቶታልና ሊያመጣ ሄደ። እኛ የፒካን ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጋሽ ውብሸት መሀል፣ ተደርድረን ተቀመጥን። ሲመለስ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎታል። የዛፉ ቅርንጫፍ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ረጅም ነው። እናም ዴል ጎንበስ አለ። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ላቡ በጢሙ እየተንጠባጠበ፣ ከነድንጋዩ ጋሽ ውብሸት ፊት ደረሰ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ላንተ አልነግርህም። በኛ አገር ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት አንገቱን ከደፋ ትርጉሙ አንድ ነው። በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ! ከዚያ በላይ ይቅርታ የለም።

ጋሽ ውብሸት ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ሽማግሌ ተነስቶ አይቀመጥም፤ እኛም ተነሳን። ዴል ሊያልፍ ሲል ከዘራቸውን አግድም ዘረጉበት።

«ቁም!»

ቆመ። ጸሎት ሊደረግ መስሎት ነው መሰል፣ በነጻ እጁ ቆቡን አወለቀ። ይሄ ጭራሽ ነገሩን አከፋው... ባዶ ራሱን!

«ምን በድሎናል?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም ጋሼ! ድንጋዩ እኮ ለቢራው...»

«ዝም በል! ሰው በከንቱ ድንጋይ አይሸከምም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሜሮን! ምን እንዳጠፋ ጠይቂው።»

ሜሮን ወደኔ አየች። እኔ ወደ ሐይቁ አየሁ።

«ዴል» አለችው በእንግሊዝኛ፣ ድምጿ እያነሰ፣ «አጎቴ ምን እንዳጠፋህ ማወቅ ይፈልጋሉ።»

እኔ የጠበቅኩት ሳቅ ነው። ዴል ግን ከእሳቱ ውስጥ ድንጋዮች ብሶ ቀላ። ወደ ኮዲ ዞረና «ነገርካቸው እንዴ?» አለው።

«ኖ! ዳድ፣ ስቶፕ!» አለ ኮዲ።

ስቶፕ የለም። ሰው ድንጋይ ከተሸከመ እውነት ራሷ ትከብደዋለች መሰለኝ።

«ኦኬ» አለ ዴል። «ተደብቀው ቬጋስ ሄደው እንዲጋቡ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ትኬት ሁሉ ቆርጠዋል። እኔ ሰው ሲበዛ እጨነቃለሁ። ትልቅ ሰርግ ከሆነ ንግግር አድርግ ይሉኛል፣ ጨፍር ይሉኛል። ለራሴ ፈርቼ ነው። የልጃችሁን ሰርግ ልሰርቃችሁ ነበር።»

ጋሽ ውብሸት ከዘራቸውን ወደ ሜሮን አዞሩ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ውብሸት።

«እ... ሶሪ አለ» አለች ሜሮን።

«ቬጋስ?!» የትዕግሥት ድምፅ ሐይቁን ተሻግሮ ተመለሰ።

«ቬጋስ ማናት?»

«ቁማር ቤት ነው ጋሼ! ልጄን ቁማር ቤት ሊድሩብኝ ነው!»

ዴል ድንጋዩን ሊያወርድ ዝቅ ሲል ከዘራው ተነሳ። «አታውርድ! ነገሩ ገና አልታየም።» ቋንቋ አላስፈለገም፤ ዴል ቀጥ አለ። ቴክሳሳዊ እኮ ነው! ለሽማግሌ «የስ ሰር» ማለትን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ድንጋዩ ግን ከትከሻው መንሸራተት ጀምሯል። ኮዲ ሊያግዘው ተጠጋ።

«ይሄስ? ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር...» አለች ሜሮን። «ማለቴ፣ እኔም አውቅ ነበር።»

«እናንተም አንሱ!»

«ጋሼ፣ ኔይልስ ተሠርቻለሁ፣ ጥፍሬ!»

«አንሺ!»

ከጓሮው የሽቦ አጥር ሥር ካለው የድንጋይ ክምር አንድ አንድ አነሱ። ሦስቱ የፒካኑ ዛፍ ሥር ድንጋይ ተሸክመው ተሰለፉ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ጀልባ ሐይቁ ላይ ቀስ ብላ አለፈች፤ የተሳፈሩት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹን፣ እጃቸውንም አውለበለቡልን። ዴል፣ ጨዋው ሰውዬ፣ በአንድ እጁ መለሰላቸው። እኔ... ሳቄ አመለጠኝ።

«አንተ ምን ያስገለፍጥሃል? ልጅህ ካፍንጫህ ሥር ስትኮበልል ያላየህ! አንሳ!»

«እኔ እኮ ተበዳይ ነኝ!»

«አንሳ!» አለች ትዕግሥት።

ሚስትና ሽማግሌ በአንድ ቃል ከተናገሩ ይግባኝ የለም። ዞር ዞር ብዬ ትንሿንና የቅርቧን መረጥኩ። ስንፍና ብልጠት መስሎኝ... የመረጥኳት እሳቱ ዳር ከተደረደሩት አንዷ ነበረች።

«እሪሪሪ!»

የት እንደወረወርኳት አላየሁም። ድምፁን ግን ሰማሁ። ችስስስስስ! ድስቱ ውስጥ! የብቅሉ ውሃ ተንተከተከ፣ አረፋው ወደ አፉ ወጣ፣ እንፋሎቱ ዛፉን ዋጠው። ያረረ ስኳር ሽታ ጓሮውን ሞላው።

«ፐርፌክት!» ብሎ ጮኸ ዴል፣ ከነድንጋዩ እየዘለለ።

ጋሽ ውብሸት ጆሯቸውን ወደ ድስቱ አዘንብለው ያ ትንፋሽ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «እፎይ አለ። ድንጋዩ እንኳ እፎይ ካለ እኛ ምን ቤት ነን? ይቅር ብለናል። አውርዱ።»

ዴል ድንጋዩን አውርዶ ራሱ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ዓይኑን በሽርጡ ሲጠርግ አይቻለሁ፤ ጭሱ ነው አለ።

ትዕግሥት ግን ልጇ ፊት ቆማለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማሚ፣ ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል... ሶ ሜኒ ፒፕል! የማላውቀው ሰው ሁሉ ጉንጬን ይስመኛል።»

«እና እኔንስ? ከማታውቂው ሰው ጋር ቆጠርሽኝ?»

ሜሮን «ሶሪ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ያዘች። «ይቅር በይኝ» አለች፣ በዚያ ቦታ ቦታውን ባልያዘ አማርኛዋ። ያቺ ቃል ግን ቦታዋን ይዛ ነበር። ትዕግሥት ከመሬት አነሳቻት፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም።

ቀጥሎ ቅምሻ ሆነ። ዴል ቀደም ብሎ ጠምቆ ያሳረፈውን አወጣ። እኔ ቀኝ እጄን የበረዶ ሳጥን ውስጥ ነክሬ በግራዬ ተቀበልኩ። ቢራው ጥቁር ነው፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት ጠርዙ ቀላ ይላል። ሽታው ያረረ የገብስ ቆሎ፣ ጣዕሙ መጀመሪያ ጭስ፣ ኋላ ስኳር።

«ምን ኖትስ አገኘህ?» አለኝ ዴል።

ኖታ? እኔ የመዝሙር ኖታ ከየት አውቄ! ግን እንግዳ ነኝና አሰብ አድርጌ «ድንጋይ ድንጋይ ይላል» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ በደስታ ሞተ። ለካስ የጠየቀኝ ስለ ጣዕሙ ነው፣ የሚፈለገውም መልስ እሱ ነው!

ትዕግሥት «ለወጉ ያህል» ብላ ጀምራ ወጉን ሦስት ብርጭቆ አደረሰችው። ጋሽ ውብሸት አንዴ ተጎንጭተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄ ሰውዬ ከባድ ጥፋት ባያጠፋ ኖሮ ሳናውቀው መቅረታችን ነበር!»

በመጨረሻ ዴል፣ ሜሮን በጆሮው እያቀበለችው፣ ቆሞ ልጅቷን ለልጁ በወግ ጠየቀ።

«እንመክርበታለን» አሉ ጋሽ ውብሸት።

«ጋሼ! አሁን ይቅር ተባብለን?» አለች ሜሮን።

«ይቅርታ ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ።» ብቻቸውን ዛፉን አንዴ ዞሩትና ተመለሱ። «መክረናል። ሰጥተናል።»

እልል ተባለ። ዴል ግን ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ስንት ሰው እንደሚጠራ አስጠየቀ።

«አይስጋ» አሉ ጋሽ ውብሸት በትሕትና። «ቤተሰብ ብቻ።»

«ቤተሰብ ብቻ!» ዴል ተነፈሰ። «ስንት ይሆናል?»

«ስድስት መቶ።»

ዴል ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ተነሳ። ወደ ክምሩ ሄዶ ድንጋዮቹን አገላብጦ አንድ መረጠ፤ ደህና ተለቅ ያለች። አምጥቶ ጋሽ ውብሸት እግር ሥር አኖራትና እጅ ነሳ።

«ሰር» አለ፣ ተራው የእርስዎ ነው እንደማለት።

ጋሽ ውብሸት ድንጋዩን አዩ። ሰውየውን አዩ። ዳኛ የፈረደውን ሕግ አይሽርም። ኮታቸውን አውልቀው ለትዕግሥት ሰጡ፣ ከዘራቸውን ለእኔ። አነሱት!

ክብደቱ ሲጫናቸው፣ «አምስት መቶ» አሉ።

ሜሮን ተረጎመች፤ ዴል አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ በርቱ! አያውርዱ!» ትዕግሥት ጮኸች። የናዝሬት ዘመዶቿ በሙሉ በተጠሪዎቹ ቁጥር ውስጥ የሚገቡት ከአራት መቶ በኋላ ነው።

«አራት... አራት መቶ...»

«ጋሼ! የአክስቴ ልጆች!»

«የአክስትሽን ልጆች አንቺ ነይና ተሸከሚያቸው!»

ሦስት መቶ ላይ ድንጋዩ ወረደ። ዴል ሮጦ ወንበር አቀረበላቸውና ቀዝቃዛ ብርጭቆ አስጨበጣቸው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሰርጉ መጥሪያ ካልደረሰህ እኔን እንዳትቀየም። እኔማ ጠርቼህ ነበር... የጋሽ ውብሸት ትከሻ ነው የጣለህ።