ሊቀ መቀስ ከአጥሩ ማዶ

በየሰፈሩ የራሱን ግቢ አስተካክሎ ሲያበቃ የሰው ግቢ ማስተዳደር የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ዕድለኛ ነውና ሊቀ መቀስ ደረሱን።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ የጋዜጣ አራሚ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅጽል ሲቆርጡ ኖረው፣ ቅጽል ሲያልቅባቸው ወደ ቅርንጫፍ ተሻገሩ። በጋ ገብቶ የፖም ዛፌ ቅጠል ሲያበዛ መቀሳቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

"አየር አጥቷል!" ይላሉ፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። "ሽቅብ የወጣውን ቀንበጥ ሁሉ አንሳ፤ ፀሐይ ፍሬውን ትየው። በብርድ ከቆረጥከው እልህ ይይዘዋል፣ በበጋ ከቆረጥከው ግን አደብ ይገዛል።"

በእሳቸው ዘንድ አየር ያላጣ ነገር የለም። መጋረጃችን አየር አጥቷል። ጢሜ አየር አጥቷል። አንድ ጊዜ ጽሑፌን ባሳያቸው ከስሜ በስተቀር ሁሉንም ሰርዘው "አሁን ተነፈሰ" አሉኝ።

አምና አማቴ ሊጠይቁን መጥተው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሊቀ መቀስ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

"እማማ፣ የአማችዎ እስከ ዛሬ አልተገረዘም እኮ! በነፃ ልግረዝልህ ስለው እሺ አይለኝም።"

አማቴ ብድግ ብለው ወደ ቤት ገቡ። ምሳ ላይ ዓይናቸውን ከሳህኑ አላነሱም። ኋላ ሚስቴን ወጥ ቤት ጠርተው፣ "ልጄ፣ ስታገቢው ታውቂ ነበር?" አሏት። ነገሩ የፖም ዛፍ መሆኑን ለማስረዳት ሚስቴ መጀመሪያ ሳቋን መጨረስ ነበረባት፤ እሷም አልቸኮለችም።

ዘንድሮ ሊቀ መቀስ የራሳቸውን ዛፍ ሲገርዙ ከመሰላል ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ልጃቸው መቀሱን ወስዳ ቆለፈችበት። እኔም እፎይ አልኩ። ዛፌ እንደ ልቡ ጎፈረ።

አንድ ቀን ልጃቸው አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ።

"አባዬ እህል አልቀምስ ብሎኛል" አለችኝ። "ሐኪሙ ክንዱ ድኗል ይላል። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ዛፋችሁን ያያል። አንድ ቃል አይተነፍስም።"

የዚያ አፍ መዘጋት አስፈራኝ። የወጥ ቤት መቀስ ይዤ ወጣሁ። ፍሬ የተሸከመውን፣ ጤነኛ ሰው የማይነካውን ቅርንጫፍ መርጬ በመስኮታቸው ትይዩ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና መቀሱን ከፍቼ አስጠጋሁት።

መስኮቱ ብርግድ አለ።

"እጅህን አንሳ፣ አንተ ደንቆሮ! እሱ ፍሬ ይዟል! ከጎኑ ያለውን፣ ሽቅብ የወጣውን! ደግሞ በወጥ ቤት መቀስ? ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ!"

እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ቆምኩላቸው። ልጃቸው ሳህን ይዛ ተከትላቸው ወጣች። በዳነው እጃቸው ቅርንጫፉን እየጠቆሙ፣ ከልጃቸው እጅ እየጎረሱ፣ እስኪመሽ ሲሰድቡኝ ዋሉ።