ቫልቭ ፈታሹ ለሽምግልና ሲሄድ

እግዜር ለየቤተሰቡ፣ የተቆለፈ በር ተመልሶ የሚገፋ አንድ ሰው ያድላል። መኪናው ሊነሣ ሲል «ቆይ፣ አንዴ!» ብሎ የሚወርደው እሱ ነው። ለወለላ የደረሳት የገዛ ባሏ ነው፤ ክቡር የቁልፎች፣ የቧንቧዎችና የክዳኖች ሁሉ መርማሪ አቶ እስጢፋኖስ።

ሙያውም አግዞታል። ኦጋዴን ወርዶ የጋዝ ጉድጓድ ቫልቭ ይጠግናል፤ ጎንደር የሚመጣው ለእረፍት ነው። እረፍት ግን የታለ! የጎረቤት ቧንቧ ያጠብቃል፤ የሰው ሲሊንደር ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ ጋዝ ያፈስ እንደሆነ ያያል። የአረቄ ጠርሙስ ዘቅዝቆ ክዳኑን ሲመረምር ወለላ በዓይኗ አይታለች። «ኧረ ዘግቼዋለሁ!» ካሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ዘግቻለሁ ወሬ ነው። ይፈተሽ!»

ትስቅበታለች፣ ትቆጣዋለች። አንድ ቀን ግን ከሥራው ቦታ ቪዲዮ ላከላት። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ብረት፣ ቫልቭ በቫልቭ ላይ ተደርቦ፣ እሱ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ከሥሩ፣ ከምድር ሆድ፣ ቀን ከሌት ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል አለ። ያን ሁሉ አፍኖ የያዘው የነዚያ ብረቶች መጥበቅ ነው፤ መጥበቃቸውን የሚያረጋግጠው ደግሞ ይኸው የሷ ነዝናዛ! «ወይ ጊዮርጊስ!» ብላ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። ፈራችም፣ ኮራችም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አምባ ጊዮርጊስ ለሽምግልና የሄደው። የወለላ ታናሽ ወንድም አንዱዓለም የአያ ክንዱን ልጅ ሄለንን ወዶ እህል አልቀምስ ብሏል። አያ ክንዱ ግን ስንቱን ሽማግሌ ባዶ እጁን የሸኙ ሰው ናቸው። አንዱዓለም እናት አባት የለውምና ወለላም በእናት ፈንታ ተከተለች።

ሽማግሌዎቹን የመሩት ቄስ ገብረ ኪዳን በደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው፣ ቆመው ንግግራቸውን ጀመሩ። በመሐል እስጢፋኖስ አየሩን ማሽተት ያዘ። ወለላ ኮቱን ጨበጠች፤ አመለጣት። ሽማግሌነቱን ጥሎ፣ በአያ ክንዱ ፊት አልፎ፣ ጓዳ ገባ! ሴቶቹ ጮኹ። እሱ እቴ! ሲሊንደሩን አረፋ ቀባ፣ አጎነበሰ፣ ጠበቀ። ምንም የለም። የሸተተው ነጭ ሽንኩርት ኖሯል።

«ሸጋ ነው፤ አያፈስም» ብሎ እጁን እየጠረገ ከቦታው ቆመ። ቄሱ ንግግሩ ጠፋባቸው። ወለላ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አያ ክንዱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ልጁንስ እንዲህ ፈትሸኸዋል?»

ሽማግሌ ለዚህ ጥያቄ «እንዴታ!» ብሎ ያልፋል። እስጢፋኖስ ግን ማሰብ ጀመረ። ኧረ ምን ያሳስበዋል!

«ፈትሼዋለሁ፣ አያ ክንዱ» አለ። «በአፉ በኩል ትንሽ ያፈሳል፤ ምስጢር አይቋጥርም። ግፊት ሲበዛበት ግን ይይዛል። እናቱ ታማ በተኛች ጊዜ ሁሉም ሲሰለች እሱ ከአልጋዋ ሥር አልተነሣም።»

ወለላ የወንድሟን ዕድል ባሏ በገዛ አፉ የዘጋው መሰላት።

«እስከዛሬ የመጣው ሽማግሌ ሁሉ መልአክ ነበር የሚያቀርብልኝ» አሉ አያ ክንዱ። «ለልጄ ሰው ነው የምፈልግ። በሉ ተቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ።»

ሲመለሱ ወለላ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ደስታዋን ሳትጨርስ አንድ ነገር ከነከናት።

«እኔንስ?» አለችው። «ስታገባኝ ምን ምኔን ፈተሽህ?»

እስጢፋኖስ ግራ ገብቶት ዞሮ አያት።

«አንቺን? አንቺንማ ምኑን እፈትሻለሁ፤ ዝም ብዬ አመንሁ እንጂ።»