ሰማንያ ቀን የሚቀንሰው ፕሮግራም

ሰው አዲስ ነገር ባየ ቁጥር አሮጌውን ለመጣል የሚቸኩለው ለምን ይሆን? አትሳቁ፤ እናንተም አላችሁበት። በእኛ በላስታ ቤተ መቅደሱ ከነመስኮቱ ከአንድ ድንጋይ ይወጣል፤ መስኮቱን ነጥሎ የሚወስድ የለም። የእኔ ሥራ ግን ግማሹ የውሰት ነበር።

ከሚሌኒየሙ በፊት ላሊበላ ላለ አንድ ደብር የክርስትና መዝገብ በኮምፒውተር ሠራሁ። የደብሩ መሪጌታ ሕፃኑ ክርስትና የተነሳበትን ቀን አስገብተው አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑ፣ ፕሮግራሙ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ቀንሶ የልደቱን ቀን ከነዕድሜው ያወጣል። የቁልፎቹን ቦታ እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። አይጥ መብላት የጀመረውን የወረቀት መዝገብ ገልብጠን ስንጨርስ፣ “ከእንግዲህ ወረቀት ድርብ ሥራ ነው” ብዬ አስጣልኳቸው። አዋቂ ነበርኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ የጥር ሰሞን፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቋንቋ በአዲስ እትም ተካሁና አሮጌውን አጠፋሁት። ለካስ አዲሱ እትም የተዋስኩትን፣ በስክሪኑ ላይ ቁልፍና ሳጥን የሚሥለውን የድሮ መሣሪያ ከጓዙ አውጥቶ ጥሎታል! መዝገቡ እዚያው አለ፤ የሚከፍተው ግን ጠፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ አበሩ መጡ። ባላቸው ልጃቸውን ጥሩዬን ለእሑድ ብልባላ ለሚኖር ሰው ሊድሯት ነው። ወረዳው “የዕድሜ ማስረጃ ካመጡ እናስቆመዋለን” ብሏቸዋል።

“አሥራ አራት ዓመቷ እኮ ነው ወንድምዓለም! ወልጃት ዕድሜዋ ይጠፋኛል? ወረቀት አምጪ አሉኝ እንጂ።”

“ከእሑድ በፊት ይደርስልዎታል” አልኳቸው።

አሮጌውን እትም ከኢንተርኔት ላወርድ ሁለት ቀን ታገልኩ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። ዓርብ በጋሸና አድርጌ ወልድያ ወረድኩ፤ ከአንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ተቀበልኩ። መመለሻ መኪና ያገኘሁት ሰኞ ነው።

ቅዳሜ፣ ማስረጃ ሲጠፋ ዕድሜ የሚገምተው የወረዳው ኮሚቴ ልጅቱን አቁሞ በዓይኑ ለካት። ቁመቷ ደረሰ፤ “አሥራ ስምንት ይሆናታል” ተባለ። እሑድ ተዳረች።

ሰኞ ከሰዓት ቁልፎቹ በየቦታቸው ተመለሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መሪጌታ የጥሩዬን ስም አስገብተው አረንጓዴውን ተጫኑ፤ አሥራ አራት ዓመት ከሁለት ወር። እናቷ አጠገባችን ቆመዋል። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

መሪጌታ ወረቀቱን አተሙ፤ ማኅተም አደረጉበት። ወይዘሮ አበሩ ተቀብለው አጠፉትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

“አሁን ምን ያደርግልዎታል?” አልኳቸው።

“ስታድግ እሰጣታለሁ” አሉኝ።