የወይራው ነፍስ አድን ዘመቻ

ታላላቅ ሰዎች አገር አድነዋል፣ ሃይማኖት አድነዋል፣ ከጎርፍ ላም ጎትተው ያወጡም አሉ። እኔ ዛፍ አድኛለሁ። ይህ ተግባር በምን ዓይነት ጥበብ፣ ቆራጥነትና አርቆ አስተዋይነት እንደተከናወነ የሚመሰክርልኝ ሌላ ሰው ስለጠፋ፣ ሪፖርቱን እንደ ልማዴ ራሴው አቀርባለሁ።

ምሕረትኣብ እባላለሁ። አስመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ለአሥራ ሰባት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ያውም በአማርኛ። ነጻነት ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ጀምበር ወደ ትግርኛ ዞረ፣ እኔም ወደ መዝገብ ቤት ዞርኩ። ትግርኛ እናቴ ያስተማረችኝ ቋንቋ ነው፤ ግን እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሪፖርት አላስተማረችኝም። በትግርኛ ዝናብ የለም ስል ዝናብ የለም ማለት ብቻ ነው የሚሆነው። በአማርኛ ግን «የዝናቡ ሁኔታ በመጠባበቅ ደረጃ ላይ ይገኛል» እላለሁ። እንዲህ ያለ ሙያ ይዞ የፋይል አቧራ ማራገፍ ሰውን ያሳምማል። ስለዚህ ሪፈረንደሙ ባለፈ ሰሞን የማድነው ነገር እፈልግ ነበር፤ ምንም ይሁን ምን።

የፈለገ አያጣም። አንድ እሁድ ለዘመድ ልጅ ክርስትና ዓዲ ጓዕዳድ ሄጄ፣ ከመንደሩ መግቢያ የቆመውን ትልቁን ወይራ አየሁት። መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ዛፉም መቆረጡ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ወሬውን አላጣራሁም፤ ማጣራት ሥራ ያጓትታል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ስለ አንድ የእርሻ ድንበር እየተነጋገሩ ነበር። አቋረጥኳቸውና ንግግር አደረግሁ። ዛፍ ለሰው ልጅ ምን ጥቅም እንዳለው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥላው ሥር ለተቀመጡ ሰዎች በሃያ ደቂቃ አብራራሁላቸው። ወይራውንም ነቅዬ፣ ማይ ተመናይ ካለው ቤቴ ግቢ ተክዬ፣ ከመጥረቢያ እንደማድነው በይፋ አበሰርኩ።

ከሚቆረጥስ ቢሄድ ይሻላል ተባባሉ። ታላቃቸው ኣቦይ ዘርእዝጊ ቃል ቆጣቢ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ለቃለ ጉባኤ ብዙ አይጠቅምም። ክረምት እስኪገባ ታገስ አሉኝ። ቅርንጫፉን ሁሉ ቆርጠህ ግንዱን ብቻ ውሰድ፣ ቅጠል የተሸከመ ዛፍ ከቦታው ሲነቀል አይተርፍም አሉኝ። እኔም በትህትና አረምኳቸው። በአንደኛ ደረጃ፣ ሥራው ከነጻነት በዓል ጋር እንዲገጣጠም ዕቅድ ተይዟል፤ በዓል የሌለው ሥራ ማን ያየዋል? በሁለተኛ ደረጃ፣ መላጣ ዛፍ ይዤ ከተማ አልገባም።

ኣቦይ ዘርእዝጊ እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው «ሕድሪ» አሉኝ። አደራ ማለት ነው። አያታቸው ከባላንጣቸው የታረቁት፣ አባታቸው የተዳኙት፣ እሳቸውም ሚስት የተጠየቀላቸው በዚያ ጥላ ሥር ነው። እኛ ዘንድ ሕድሪ የበላ ሰው፣ እሱ ሞቶ እንኳ ልጆቹ በጣት ይጠቆማሉ። እኔም ወይራው ለምልሞ እንደሚኖር በሦስት ኮፒ ጽፌ ፈረምኩ። ሦስተኛው ኮፒ ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘመቻው በበዓሉ ሰሞን ተካሄደ። ስድስት ሰው ሁለት ቀን ቆፈረ፤ እሺ ያለንን ሥር አወጣን፣ እምቢ ያለንን በመጥረቢያ ቆረጥን። ከመጥረቢያ ለማዳን ይህን ያህል መጥረቢያ ማስፈለጉን ያስተዋለው ሾፌሩ አስገዶም ብቻ ነበር፤ እሱም ሾፌር ስለሆነ አስተያየቱ አልተመዘገበም። ወይራው ከነሙሉ ቅጠሉ የአስገዶም የጭነት መኪና ላይ ተጋድሞ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። መንገዱ ሁሉ ባንዲራ ነበር፤ ሕዝቡ የበዓሉ ትርኢት መስሎት አጨበጨበ፣ ሴቶች እልል አሉ። እኔም ከዛፉ አጠገብ ቆሜ እጄን እያውለበለብኩ ምላሽ ሰጠሁ። ምን ይደረግ? አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ «ሞቅ ያለ ጭብጨባ» እያልኩ ስለ ሌላ ሰው ስጽፍ ኖሬ፣ ለኔ የተጨበጨበው ያን ቀን ብቻ ነው።

በጉዞው ያጋጠሙት ችግሮች ጥቃቅን ነበሩ፤ ሁለት የመብራት ሽቦና አንድ የፌርማታ ምልክት። ዛፉ በግቢያችን በር አልገባ ሲል አጥሩ እንዲፈርስ ተወሰነ። ባለቤቴ ኣምለሰት ገበያ ስለነበረች ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ስትመለስ አጥሯ የለም፤ ሰላጣና ጎመን ያበቀለችበት መደብ ጉድጓድ ሆኗል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ዛፍ ቆሟል፤ ዛፉ ላይ ደግሞ «ይህ ወይራ ድኗል» የሚል ሰሌዳ በአራት ሚስማር ተመትቷል። ዘንቢሏን አስቀምጣ ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ። ሦስት መቶ ሳይሞላው አይቀርም አልኳት።

«አንተን እስኪያገኝ ደህና ኖሯል» አለች።

ይህ የሕዝብ ግንኙነት ጉድለት እንጂ የሥራ ጉድለት አልነበረም። ቢሆንም በሳምንቱ ቅጠሉ ተጠቀለለ። በአሥረኛው ቀን ነፋስ በነካው ቁጥር እየተንኮሻኮሸ ይረግፍ ጀመር። በርሜል ሙሉ ውሃ አጠጣሁት፤ ለኛ ፊት መታጠቢያ እንኳ አልተረፈም። ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ቅርፊቱን በጥፍሬ እጭራለሁ፣ አረንጓዴ ፍለጋ። ውስጡ ቡናማ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ለዛፉ አዘንኩ። ከዛፉ ይበልጥ ግን ለስሜ ፈራሁ። ሕድሪ በልቻለሁ፤ ለሰው ምን እላለሁ?

ያን ሳምንት ዓርብ ዕለት መልእክት ደረሰኝ፦ ኣቦይ ዘርእዝጊና ሦስት ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰው ሳይጠራ ወደ ሥራ ቦታህ የሚመጣው ለቁጥጥር ነው። ለቁጥጥር ደግሞ ሙያው አለኝ። በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ተቆጣጣሪ ይመጣል ከተባለ፣ የተሰበረው ወንበር መጋዘን ይገባል፣ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እንዋሳለን፣ ግድግዳውም የተቆጣጣሪው ዓይን እስከሚደርስበት ቁመት ድረስ ቀለም ይቀባል። ሪፖርቱማ ቀድሞ የተጻፈ ነው።

ቅዳሜ እዳጋ ሓሙስ ገበያ ወረድኩ። ስዋ የምንለው ጠላ እንስራ የሚታጠንበት ለምለም የወይራ ቅርንጫፍ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ያላትን ሁሉ ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ ወጥቼ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ከደረቀው ዛፍ ጋር አሰርኩ። ከርቀት ሲታይ ወይራው ሳይነቀል ከነበረው ይበልጥ ለምልሟል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ሽቦ የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

እሁድ አራቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ወረዱ። አጥር ስለሌለ ማንኳኳት አላስፈለጋቸውም። መጥተው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ቀና ብለው ቅጠሉን እንኳ አላዩም፤ መርካታቸውን ከዚህ ተረዳሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ዝናቡ ትንሽ ተነጋገሩ። ኣምለሰት ያቀረበችላቸውን ሻሂ ቀመስ አድርገው ተዉት። ሲሄዱ እያንዳንዳቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ። ለሥራዬ የተሰጠ የማበረታቻ ቃል ስለሆነ በማስታወሻዬ አሰፈርኩት።

በሚቀጥለውም እሁድ መጡ። በሚቀጥለውም። እንዲህ ያለ ተከታታይ ቁጥጥር በአሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎቴ አላየሁም። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ደግሞ ከማክሰኞ አያልፍም፤ ስለዚህ በየቅዳሜው እዳጋ ሓሙስ፣ በየቅዳሜው መሰላል። ሻጯ ሠርግ ያለብኝ መስሏት ስንት እንስራ ነው የምታጥነው አለችኝ። ብዙ ነው አልኳት። በአምስተኛው ሳምንት ደስ እያላት፣ ለኔ ሲባል አንድ ሙሉ ወይራ ተቆርጦ እንደመጣ ነገረችኝ። በዚህ አፈጻጸም አንድ የሞተ ወይራ ለማዳን እስከ ሐምሌ አጋማሽ ሦስት ያልሞቱ ወይራዎች ወደ ግቢዬ ገብተዋል። እኔም ከወይራ ወዳጅነት ወደ ዋና ደንበኛነት አደግሁ።

አንድ ቅዳሜ ኣምለሰት መሰላሉን ይዛልኝ ሳለች ከታች ተናገረችኝ።

«ምሕረትኣብ፣ ሞቷል በላቸው።»

«ሕድሪ ነው እኮ!»

«ቢቀየሙህ አንድ ቀን ነው። ይሄ ግን በየቅዳሜው ነው።»

ሐሳቧን ተቀብዬ ለቀጣይ ውይይት አስተላለፍኩት።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው የመጣው በሐምሌ መጨረሻ እሁድ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ነው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ የሻሂው ትሪ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ሌላው የኣቦይ ዘርእዝጊን ትከሻ ታክኮ ከነሽቦው ወደቀ። ከዚያ ዛፉ ያለበሰሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውልቆ ጣለ። ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ተነሥተው በረንዳው ላይ ተጠለሉ። እኔ ዝናቡ ውስጥ ቀረሁ። ያ ሁሉ አማርኛዬ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አላቀበለኝም። በጣም አፈርኩ።

«ሞይቱ» አልኩ በመጨረሻ በትግርኛ፤ ሞቷል።

«እወ፣ እናውቃለን» አሉ ኣቦይ ዘርእዝጊ። «የሞተው በመጣ በሳምንቱ ነው። አስገዶም አይቶ ነገረን።»

«ታዲያ በየእሁዱ ለምን ትመጡ ነበር?»

«ሐዘን ልንደርስህ ነዋ። በየሳምንቱ አዲስ ልብስ ስታለብሰው እያየን፣ ይሄ ሰው ሐዘኑ አልወጣለትም፣ ብቻውን አንተወው ተባባልን።»

ተቆጣጣሪ ብዬ የመዘገብኳቸው ለቀስተኞች ነበሩ። እኔ ሰዎቹን በሽቦ ሳታልል፣ እነሱ ከከተማው ወዲያ ጫፍ በአውቶቡስ እየመጡ ሊያጽናኑኝ ይቀመጣሉ። ኣምለሰት ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳው አስገባችኝ፤ ፎጣም ሰጠችኝ።

«የመንገድ ሥራው መሐንዲስም መጥቶ ነበር» አሉ ኣቦይ ዘርእዝጊ። «መንገዱን ለዛፉ ብለን አሥር እርምጃ እናዞረዋለን አለን። ለየትኛው ዛፍ አልነው።»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወደ ዝናቡ ዞሩ። ሳቃቸውን ለመደበቅ ይመስለኛል። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«አይዞህ፣ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚያው መሬት ውስጥ የቀረው ሥር ዝናቡ ሲነካው ሰባት ቦታ አቆጥቁጧል። ቁመቱ ይህን ያህል ሆኗል» ብለው ምርኩዛቸው ላይ አንድ ስንዝር ለኩልኝ።

ይህን ስሰማ ነፍሴ ተመለሰች። አጥር ያስፈልገዋል አልኩ፤ ፍየል አለ። ዘበኛ ያስፈልገዋል፤ የክትትል ኮሚቴም ያስፈልገዋል፤ ነገ ጠዋት መጥቼ ሁኔታውን አጠናለሁ ብዬ ብዕሬን ከኪሴ ሳወጣ፣ ኣቦይ ዘርእዝጊ እጄን ከነብዕሩ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ኣይፋል፣ ተው፣ ወደይ» አሉኝ። «እኛ ስምንት እሁድ ለአንተ መጥተናል። አንተ ደግሞ ለኛ አንድ ነገር ብቻ አድርግልን። እሱን እንዳታድነው።»

ኣምለሰት እኔን ቀድማ አሜን አለች።