ልጄ ነርስ የሆነችበት ቀትር

ትናንት ከምሳ በኋላ በሕፃናት ክፍል ውስጥ እኔ፣ የአራት ዓመት ልጄ ትርሲት፣ አጠገባችን ያለው ሕፃን ይትባረክና እናቱ፣ እንዲሁም ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ጥሩዬ ነበርን። ሌሎቹ እናቶች ልብስ ሊያጥቡ ወደ ጓሮ ወጥተዋል። ባለቤቴ አራስ ስለሆነች ልጃችንን የማስታምመው እኔ ነኝ። በክፍሉ ካሉት አስታማሚዎች ወንድ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ ግድግዳውን እያየሁ እቀመጣለሁ።

ትርሲት የሳንባ ምች ይዟታል። ኦክስጅን የምታገኘው አፍንጫዋ ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ከሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱ ባዶውን በሩ ጥግ ቆሟል። የሞላው ከሌላ ከተማ እየመጣ ነው ይባላል፤ እስካሁን አልደረሰም። አንዱን ለሁለት የሚያካፍለው መገጣጠሚያም ተሰብሯል። ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ይትባረክ መተንፈስ ከብዶት ደረቱ ይሰረጉዳል። እናቱ የእኛን ሲሊንደር ብቻ ታያለች።

ሲስተር ጥሩዬ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ አላት። ከእሱ በፊት ግን አፍ የፈቱትን ልጆች አኩኩሉ ታጫውታለች። ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና «አኩኩሉ!» ስትል ልጁ «አልነጋም!» ይላል። ቃሉን ሳይቆርጥ በአንድ ትንፋሽ ከጨረሰ ደስ ይላታል። ትርሲት ሰሞኑን «አል...» ብላ ታቆማለች። ትናንት ጠዋትም እዚያው ላይ ቆመች።

«ከሰዓት በኋላ እንደገና አያታለሁ» አለች ሲስተር። «አንተም ትንሽ አረፍ በል፣ የትርሲት አባት። ዓይንህ ደም መስሏል።»

ራሴን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፍኩ። ሕልሙን ያየሁት ያኔ ነው።

በሕልሜ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዘበኛው የፊት ጥርሶቹ የወለቁ ልጅ ነው። ኪሴን ፈተሸና ተቆጣ።

«መጫወቻ አልያዝክም እንዴ?»

«አልያዝኩም።»

«ታዲያ ባዶ እጅህን ምን ልትሠራ መጣህ? ትልቅ ሰው ሁላ!»

እየተነጫነጨ አስገባኝ። ግቢው ውስጥ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኞች ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። እያንዳንዳቸው ጠርሙስ ታቅፈዋል። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት አንዲት በሽተኛ አሮጊት ናቸው።

«እማማ፣ ይህን ሽሮፕ የሚወስድልን ሰው ይኖር ይሆን?» አለ የሰልፉ ፊተኛ።

«በሽተኛ የለም» አሉት አሮጊቷ ቀና ሳይሉ። «አልቋል። ከውጭ ፈልጉ። ቀጣይ!»

ሰውዬው ጠርሙሱን አቅፎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አሳዘነኝ።

ወደ ክፍላችን ገባሁ። ሐኪሞቹ በልጆች አልጋ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ነክቶ ተኝተዋል። በሽተኞቹ ልጆች የሐኪም ልብስ ለብሰው ጫፉን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። ዋናው ሐኪም አንሶላ ውስጥ ተደብቀዋል።

«አልጠጣም! መጀመሪያ አንተ ቅመስ!»

«ጎበዝ አይደለህ፣ ዶክተር?» አለ ንፍጡ የወረደ ልጅ፣ ማንኪያውን እንደያዘ። «አንዲት ጉንጭ ብቻ። ከዚያ እናትህን እጠራልሃለሁ።»

ሲስተር ጥሩዬ መስኮቱ ሥር ተኝታ ነበር። አንዲት ልጅ መርፌ ይዛ መጣች።

«ያምማል?» አለች ሲስተር።

«ያምማል። ግን ቶሎ ያልፋል።»

ይህ የራሷ የሲስተር ቃል ነው። ልጆችን አያምም ብላ አትዋሽም። ክንዷን ዘረጋች። መርፌው ሲገባ ጣሪያውን እያየች «ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖርኩ» አለች። «ሲነገረኝ ግን ገና ዛሬ ነው።»

ከዚያ ትርሲት መጣች። የሲስተርን ልብስ ለብሳለች።

«ስምህ ማን ነው?»

አፈርኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ይሄ ዓይን አፋር ነው» አለቻቸው ለሌሎቹ። «ቀስ ብላችሁ አስተኙት።»

ሲያስተኙኝ አየር አጠረኝ። በክፍሉ ውስጥ አየር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያለው በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ብቻ ነው። ትርሲት ቱቦውን አፍንጫዬ ውስጥ ስታስገባው ደረቴ ተከፈተ። ዞር ስል አጠገቤ የይትባረክ እናት ተኝታለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ይትባረክ ገና አፍ ስላልፈታ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ አልጋዋን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ሲሊንደሩን ያሳየናል።

«አባባ፣ ለእሷ ልስጣት?» አለች ልጄ።

ስጫት ልል ፈለግሁ። እጆቼ ግን ቱቦውን ያዙት። በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«እንግዲያው እንጫወታለን» አለች ትርሲት።

ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«አኩኩሉ!»

«አል...» አለች የይትባረክ እናት። ከዚያ በላይ አልቻለችም።

ተራው የእኔ ሆነ። እኔም «አል» ብዬ ለማቆም ቆረጥኩ። ማንም አያየኝም። አፌን ስከፍት ግን በሕይወቴ አውጥቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

«አልነጋም!»

የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«ትንፋሽ አለው» አለች ትርሲት በቀስታ። እጇን ወደ አፍንጫዬ ስትዘረጋ ነቃሁ።

ቱቦው እውነትም አፍንጫዬ ላይ ነበር። ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ትርሲት ከራሷ ላይ ነቅላ እኔ ላይ ሰክታው፣ አልጋው ላይ ተቀምጣ ግንባሬን ትዳብሳለች።

«ሲስተር!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ክፍል ድምፄ የተሰማው ያኔ ነው።

ሲስተር ጥሩዬ ሮጣ መጣች። «ማን ነው የነቀለው?»

«አባባ አሞት ነው» አለች ትርሲት። «ተኝቶ ሲያለቅስ ነበር።»

ሲስተር አልሳቀችም። የልጄን ደረት ገልጣ አየች። ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

«አኩኩሉ!»

የይትባረክ እናት ልጇን እንዳቀፈች ወለሉን ታያለች። ትርሲት እኔን አየችኝ።

«አልነጋም!» አለች። በአንድ ትንፋሽ።

ሲስተር መለኪያውን በልጄ ጣት ላይ ሰካች። ቁጥሩን አየች። ትንሽ ቆይታ ደግማ አየች፤ አልወረደም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የትርሲት አባት» አለችኝ። «ልቀቀው።»

ቱቦውን በሁለት እጄ እንደጨበጥኩት ያወቅሁት ያኔ ነው። ለቀቅሁት። ሲስተር ጥሩዬ ለሕፃን የሚሆን አዲስ ቱቦ ከማሸጊያው አወጣችና ሲሊንደሩን ወደ ይትባረክ አልጋ ገፋችው።