ኮምፒውተር የማይነካበት ክፍል

(የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፤ የረፋድ ዕረፍት ሰዓት። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ስድስት ኮምፒውተሮች አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። ዳይሬክተሩ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ቆሟል። አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ ጠረጴዛውን ይለካል። ከውጭ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።)

ዳይሬክተሩ፦ በር አያስፈልገውም አልኩህ!

አናጢው፦ የኮምፒውተር ሣጥን ያለ በር እንዴት ይሆናል፣ ዳይሬክተር?

ዳይሬክተሩ፦ ከፊት መስታወት፣ በቀረው በኩል ጣውላ። ልጆቹ ያያሉ፣ አይነኩም። አለቀ።

አናጢው፦ ሲበላሽስ በየት ይወጣል?

ዳይሬክተሩ፦ ካልተነካ በምን ይበላሻል? ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱም አልተበላሸ።

አናጢው፦ በሁለት ዓመት ውስጥ በርቶ ያውቃል?

ዳይሬክተሩ፦ አንተ ደግሞ የማያገባህ ውስጥ አትግባ። ለካ!

አናጢው፦ እየለካሁ ነው። (ይለካል) ልጆቹ ግን በምኑ ነው የሚማሩት?

ዳይሬክተሩ፦ በጥቁር ሰሌዳ ነዋ! እኔው ራሴ አስተምራቸዋለሁ። ኮምፒውተሩን በጠመኔ እሥላለሁ፣ እነሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ባለፈው አንደኛ «ለ» ክፍል ገብቼ «ኮምፒውተር ምንድን ነው?» ብላቸው ሠላሳ ስምንቱም በአንድ ድምፅ መለሱልኝ።

አናጢው፦ ምን ብለው?

ዳይሬክተሩ፦ «የማይነካ ዕቃ ነው!» ብለው።

አናጢው፦ ገብቷቸዋል።

ዳይሬክተሩ፦ የአመራር ውጤት ነው! አሁን ቶሎ በል፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች እየመጡ ነው። ትናንት ደውለው «የክፍል ውስጥ አመራርዎን በዓይናችን ማየት እንፈልጋለን» አሉኝ። ዝናዬ የት እንደደረሰ ገባህ?

አናጢው፦ እንኳን ደስ አለዎት። አመራር የሚባለው ግን ለኮምፒውተሩ ነው ለልጆቹ?

ዳይሬክተሩ፦ ወይ ጣጣዬ! ስማ፣ ሥልጠና ገብቼ ሦስት ቀን ሙሉ የተማርኩት ነው። (ወረቀቱን ይዘረጋል) መምህር ክፍሉን የሚመራበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፈላጭ ቆራጭ...

አናጢው፦ አቤት!

ዳይሬክተሩ፦ ምን አቤት ትላለህ?

አናጢው፦ እኔን የጠሩ መስሎኝ ነዋ።

ዳይሬክተሩ፦ አንተን ማን ጠራህ! ፈላጭ ቆራጭ ማለት ማንንም ሳያማክር የሚወስን ነው።

አናጢው፦ እንደሱ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ባለቤቱን ሳልጠይቅ አንዲት ጣውላ ቆርጬ አላውቅም።

ዳይሬክተሩ፦ ስለ ጣውላ ማን አወራ? ሁለተኛው አሳታፊ ነው፤ ተማሪውን እየጠየቀ፣ ሐሳቡን እየሰማ የሚመራ። ሦስተኛው ልቅ ነው።

አናጢው፦ እሱ ቀላል ነው፤ ሁለት ምስማር ይበቃዋል።

ዳይሬክተሩ፦ ልቅ ማለት እኮ መምህሩ «እንዳሻችሁ» ብሎ ሲተዋቸው ነው፣ አንተ ሰውዬ!

አናጢው፦ እሺ። እርስዎ ታዲያ የትኛው ነዎት?

ዳይሬክተሩ፦ እንደ ሁኔታው ነው። እንግዳ ከሌለ አንደኛው። እንግዳ ከመጣ ሁለተኛው።

አናጢው፦ ሦስተኛውስ?

ዳይሬክተሩ፦ ስብሰባ ሲኖርብኝ። ይልቅ ና፣ ሳይደርሱ እንለማመድ። አንተ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሁን።

(አናጢው ትንሿ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ይደርሳል።)

ዳይሬክተሩ፦ (ድምፁን አለስልሶ) ልጆችዬ፣ ዛሬ ምን እንድናደርግ ትፈልጋላችሁ? እናንተው ወስኑ።

አናጢው፦ ቲቸር፣ እናብራው።

ዳይሬክተሩ፦ ጎበዝ! ሌላ ሐሳብ ያለው?

አናጢው፦ እኔ ብቻ ነኝ፣ ቲቸር።

ዳይሬክተሩ፦ መልካም። እንግዲህ ተመካክረን በሙሉ ድምፅ እንዳይበራ ወስነናል።

አናጢው፦ ኧረ እኔ እናብራው ነው ያልኩት!

ዳይሬክተሩ፦ ሐሳብህ ተሰምቷል። ቁጭ በል!

አናጢው፦ ቁጭ ብያለሁ እኮ። ማብሪያው የት ጋ ነው፣ ቲቸር?

ዳይሬክተሩ፦ እሱ የሦስተኛ ክፍል ትምህርት ነው።

አናጢው፦ ተቆጣጣሪዎቹ ቢጠይቁዎትስ?

(ዳይሬክተሩ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይገልጣል። ስክሪኑን ይደባብሳል፤ ከኋላው ያንኳኳል፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ያስጠጋል።)

ዳይሬክተሩ፦ እ... ያው እዚሁ አካባቢ ነው። የዚህ ሞዴል ትንሽ ድብቅ ነው።

(አናጢው ይነሣና ጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥቁር ሣጥን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል። ስክሪኑ ቦግ ይላል።)

ዳይሬክተሩ፦ (ወደ ኋላ ዘሎ) አፈነዳኸው!

አናጢው፦ በራ እንጂ አልፈነዳም። መክፈትም እችላለሁ፤ ይዩ። (ማውሱን ይዞ ሁለቴ ይጫናል) ይኸው ደብዳቤ። ላንብብልዎት?

ዳይሬክተሩ፦ የምን ደብዳቤ?

አናጢው፦ (እያነበበ) «ለትምህርት ጽሕፈት ቤት። እኛ የአንደኛ ለ ተማሪዎች ነን። ዳይሬክተራችን ኮምፒውተር በጠመኔ ያስተምሩናል። ጠመኔው አይበራም። እባካችሁ መጥታችሁ እዩልን። ሲቆጡ ጆሯቸው ይቀላል።»

ዳይሬክተሩ፦ (ሁለት ጆሮውን ሸፍኖ) ይሄ... ተልኳል?

አናጢው፦ ባለፈው ሳምንት። እዚያ ጥግ ባለው ማተሚያ አትመው ለአንዷ ልጅ እናት ሰጧት፤ እሷ አደረሰችላቸው።

ዳይሬክተሩ፦ እና ሰዎቹ የሚመጡት...

አናጢው፦ አመራርዎን በዓይናቸው ሊያዩ።

ዳይሬክተሩ፦ ማን አስገባቸው? ቁልፉ እኮ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም!

አናጢው፦ ካለፈው ወር ጀምሮ መደርደሪያውን እንድሠራ በየቀኑ ከፍተውልኝ ይሄዱ የለ? ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ብቅ ይላሉ፣ ይነካካሉ፣ ይስቃሉ። ደወል ሲደወል ጨርቁን አልብሰው ይወጣሉ። ማልበሱንስ ከእርስዎ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል።

ዳይሬክተሩ፦ አንተ ጉድ! ሞኝ መስለህ ልጆቼን አስተምረህ አሳመጽክብኝ!

(ውጭ የመኪና በር ተከፍቶ ሲዘጋ ይሰማል። ዳይሬክተሩ ወደ መስኮቱ ይሮጣል።)

ዳይሬክተሩ፦ መጡ! ሦስት ናቸው! ዝጋው፣ አጥፋው!

አናጢው፦ አልችልም።

ዳይሬክተሩ፦ አሁን ያበራኸው አንተ አይደለህም?

አናጢው፦ ማብራትና መክፈት ተምሬያለሁ። መዝጋትና ማጥፋት ለሰኞ ነው የተቀጠረልኝ።

ዳይሬክተሩ፦ ሶኬቱን ንቀለው በቃ!

አናጢው፦ ሶኬቱ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው። ልጆቹ እንዳይነኩት ብለው እርስዎ አይደሉ በአራት ሰው ያስገፉት?

ዳይሬክተሩ፦ ቆይ... «የተቀጠረልኝ» ነው ያልከው? ልጆቹን የምታስተምረው አንተ አይደለህም እንዴ?

አናጢው፦ እኔ? እኔ ተማሪ ነኝ።

ዳይሬክተሩ፦ አንተንስ ማን ነው የሚያስተምርህ?

አናጢው፦ (በመስኮቱ እያሳየ) ያቻት፣ ገመድ የምትዘለዋ። የፊት ጥርሶቿ የወለቁት። ጎበዝ ናት፤ ስሳሳት አትቆጣም፣ እስኪገባኝ ደጋግማ ታሳየኛለች።

(ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ እየቀረበ ይመጣል። ዳይሬክተሩ ላቡን ይጠርጋል። መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን ያወጣል።)

ዳይሬክተሩ፦ (በቀጭን ድምፅ) መምህርት! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዕረፍትዎን አቋረጥኩብዎ። እባክዎን አንዴ ገባ ይበሉልን!

የሕፃን ድምፅ፦ (ከውጭ) እጁን ያወጣ ብቻ ነው የሚናገረው!

(በሩ ይንኳኳና ይከፈታል። ሦስቱ ተቆጣጣሪዎች ደፉ ላይ ይቆማሉ። ዳይሬክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ቀኝ እጁን ቀጥ አድርጎ አውጥቷል።)