ሱሪ የለበሰው ፈረስ

በከተማችን በቡታጅራ የአኒሜሽን ኢንዱስትሪ ዕድገት ሲወሳ፣ የባህል ጽሕፈት ቤታችን የተጫወተውን የማይተካ ሚና ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። ከእኛ በፊት የነበረው አኒሜሽን ያለ ምንም መመሪያ እንዲያው የሚንቀሳቀስ ነበር። አቅጣጫ ያስያዝነው እኛ ነን።

ነገሩ የተጀመረው በሩፋይዳ ነው። ሩፋይዳ መብራት ሲኖር ከኢንተርኔት እየተማረች፣ እንደ ወፍጮ በሚጮህ ላፕቶፕ ብቻዋን ካርቱን የምትሠራ የከተማችን ልጅ ናት። ታናሽ እህቷ መንገድ ስታቋርጥ ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ልጅቷ ጀሶ አድርጋ ተኝታ ሳለ፣ ሩፋይዳ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሕፃናትን መንገድ ማቋረጥ የሚያስተምር አጭር ፊልም ሠራች። ባለታሪኩ የጋሪ ፈረስ ነው። እየጋለበ ይመጣል፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ግራና ቀኝ ያያል፤ ቀልድ ተናግሮ የሚያዩትን ልጆች ያስቃቸውና ይሻገራል። በየትምህርት ቤቱ እንዲታይላት ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ እኛ መጣች።

ኃላፊያችን አቶ ያረጋል ፊልሙን በጥሞና ተመለከቱና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈረሱ ራቁቱን ነው» አሉ።

«ፈረስ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«የሚያዩት ሕፃናት ናቸው። ከግብረ ገብነት አንጻር ይታይ።»

ሩፋይዳ ለፈረሱ ሱሪ ሠራችለት። አራት እግር ላለው ፍጡር ሱሪ መሥራት ቀላል አይደለም፤ ስትጨርስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ፊልሙ ወደ ገምጋሚ ኮሚቴው ተመራ።

«ግልቢያው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነው» አሉ አቶ ሸረፋ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ።

«እሱስ ይሁን፤ መንገድ ዳር ሲደርስ መቆሙ ነው እኔን ያላማረኝ» አሉ ሌላዋ አባል ወይዘሮ ብርቄ። «ልማታችን የቆመ ያስመስላል።»

«ካልቆመማ ባጃጅ ይገጨዋል» አለች ሩፋይዳ።

ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ በስፋት ከመከረ በኋላ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ። ከመጀመሪያውኑ ያልሄደ ቆመ አይባልም፤ ስለዚህ ፈረሱ ከመጀመሪያውኑ እንዳይሄድ።

የቀረው የቋንቋው ጉዳይ ነበር። አንዱ ፈረሱ መስቃንኛ ይናገር ሲል፣ ሌላው ክስታንኛ፣ ሦስተኛው የሰባት ቤት ጉራጌኛ አለ። ማንንም ላለማስቀየም ፈረሱ ዝም እንዲል፣ በእሱ ፋንታ አቶ ያረጋል መልእክት እንዲያስተላልፉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ በተማሪዎች ሞላ። ሪባን ተቆረጠ። ሸራው ላይ ሱሪ የለበሰ ፈረስ ቆሟል፤ ከበስተጀርባው አቶ ያረጋል የዘርፉን መልካም አጋጣሚዎችና ተግዳሮቶች በዝርዝር ያብራራሉ። አንዲት ሕፃን መምህሯን «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ።

«እያለቀ ነው» አሏት መምህሯ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ሩፋይዳን በሩ ላይ አገኘኋት።

«አይዞሽ፣ አጨብጭበዋል እኮ» አልኳት።

«እህቴ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ፈረሱ ታሟል ወይ አለችኝ» ብላ ላፕቶፗን አቅፋ ሄደች። እኛ ዘገባውን ወደ ዞን ላክን፤ ዕቅዱ ከመቶ በመቶ በላይ ተሳክቷል።

ወራት ካለፉ በኋላ አቶ ያረጋል ኮሚቴውን በአስቸኳይ ሰበሰቡ። ልጆቻቸው በዲሽ ከአንድ የዐረብ ጣቢያ የሚያዩትን ፊልም በስልካቸው ቀርጸው መጥተዋል። አንድ ፈረስ እየጋለበ ይመጣል፤ መንገድ ዳር ቀጥ ይላል፤ በዐረብኛ ቀልዶ ይሻገራል። አቶ ሸረፋ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«አያችሁ፣ ሱሪ የለው፣ ምን የለው» አሉ አቶ ያረጋል በአድናቆት። «የሠለጠነ ሕዝብ ሥራ እንዲህ ነው። የእኛዎቹ ይህን መቼ ነው የሚደርሱበት?»

ፊልሙ ወደ ተሠራበት አገር የልምድ ልውውጥ ቡድን እንዲላክ እዚያው ተወሰነ። ወይዘሮ ብርቄ የሙቀቱን ነገር ጠያይቀው ስስ ልብስ አሰፉ። ሩፋይዳም ከሠለጠኑት እንድትማር ተጠራች።

«እስቲ ይህን እዪ» አሏት አቶ ያረጋል ስልኩን እየሰጧት።

አየችው። ፈገግ አለች።

«ይኼ የኔው ነው፣ ጋሼ። እናንተ ሳታስተካክሉት በፊት የነበረው። ለጣቢያው ላክሁላቸው፤ በዐረብኛ አናገሩትና አሳዩት።»



«የት ነው የተሠራው ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ በቀጭን ድምፅ።

«እዚህ ማዶ፣ ቤታችን።»

ኮሚቴው እሷን አስወጥቶ ረጅም ውይይት አደረገ። የፊልሙን የላቀ ደረጃ የካደ አንድም አባል አልነበረም። ይሁን እንጂ ቦታው በእግር የሚደረስበት ሆኖ ስለተገኘ፣ ማዶ ለማዶ ደግሞ የውሎ አበል ስለማይታሰብ፣ የልምድ ልውውጡ ተሰርዟል።